«አንዴም ሳያሹኝ ገንዘቤን ተቀበሉኝ»፦ የመጀመሪያው ቀን የፊዚዮቴራፒ ምርመራ ምን ይሠራል?



ልደታ አካባቢ በምሠራበት ክሊኒክም ሆነ በዚህ ገጽ የውስጥ መስመር በተደጋጋሚ የሚደርሰኝ ቅሬታ አለ። «ዶክተር፣ ፊዚዮቴራፒ ብለው ጻፉልኝ፣ ሄድኩ። ሰውዬው ሲጠይቀኝ፣ ሲያስቀምጠኝ፣ ሲያስነሳኝ፣ እግሬን ሲለካ ቆየ። ማሳጅ የለ፣ ማሽን የለ። ከዚያ ክፈል ተባልኩ። ይሄ ነገር ሕክምና ነው?»

አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ ሕክምና ነው። እንዲያውም ከጠቅላላው የፊዚዮቴራፒ ክትትል ውስጥ ዋናው ቀን እሱ ነው። ብዙ ሰው ግን ይህንን ስለማያውቅ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ይጠፋል፤ ወይ ወጌሻ ጋ ይሄዳል፣ ወይ ከፋርማሲ ማስታገሻ እየገዛ ይከርማል። ስለዚህ ዛሬ ያ ቀን ምን እንደሚሠራበት፣ በወረቀት ላይ እንዴት እንደሚመዘገብ፣ በኮድ እንዴት እንደሚጻፍ እና ይህ ለእናንተ ጤናም ለኪሳችሁም ለምን እንደሚጠቅም አንድ በአንድ እንነጋገራለን። ትንሽ ረዘም ስለሚል ሴቭ አድርጉትና ተረጋግታችሁ አንብቡት። (የማነሳቸው ታካሚዎች ማንነት እንዳይታወቅ ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ።)

🔹 1. መጀመሪያ ጥያቄ፣ ከዚያ እጅ

ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት ከመንካቱ በፊት ይጠይቃል። ሕመሙ መቼ ጀመረ? ምን ያባብሰዋል? ምን ያስታግሰዋል? ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል? ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብ ሕመም አለ? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? ከዚህ በፊት ወድቀው ያውቃሉ? ሥራዎ ምንድን ነው? ስንተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት?

«ፎቁን ምን አገባው?» የሚል ይኖራል። ያገባዋል እንጂ! ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰውና ምድር ቤት የሚኖር ሰው ጉልበታቸው እኩል ቢታመምም ኑሯቸው እኩል አይቸገርም። ልደታ ውስጥ በቀን ስንት ደረጃ እንደምንወጣና እንደምንወርድ አስቡት፦ የመኖሪያ ሕንጻው፣ የመሥሪያ ቤቱ፣ የሚኒባሱ መርገጫ።

ጥያቄዎቹ ሌላም ሥራ አላቸው። አደገኛ በሽታን ይለያሉ። አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። አርባዎቹ ውስጥ ያለ ሹፌር ወገቡን ለሦስት ወር አሞት፣ ጓደኞቹ «ሹፌር ሁሉ ወገቡን ያመዋል፣ ታሽተህ ይለቅሃል» ብለውት በቀጥታ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ሄደ። ፊዚዮቴራፒስቷ ግን አላሸችውም። ስትጠይቀው ሌሊት ሌሊት እንደሚያልበው፣ ሱሪው እየሰፋው እንደመጣ፣ ተኝቶም እንደሚያመው ነገራት። የጀርባ አጥንቱን በጣቷ ቀስ አድርጋ መታ መታ ስታደርገው አንድ ቦታ ላይ በጣም ዘለለ። የዚያኑ ቀን ወረቀት ጽፋ ወደ እኔ ላከችው። ተመርምሮ የጀርባ አጥንት ቲቢ ሆኖ ተገኘ።

ቲቢ ሳንባን ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ አከርካሪንም ይበላል። በጊዜ ካልታከመ አጥንቱ ተደርምሶ ሕብለ ሰረሰርን ሊጫንና እግርን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። መድኃኒቱ ደግሞ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ነው የሚሰጠው። እስቲ ይህ ሰው በመጀመሪያው ቀን «ተኛ ልሽህ» ተብሎ ቢሆን ኖሮ? ያን ቀን የከፈለው ለጥያቄው ነው፤ ጥያቄው ደግሞ እግሩን አተረፈለት።

🔹 2. ከዚያ ልኬት

ከጥያቄው በኋላ የሚመጣው መለካት ነው። እንደ ሕመሙ ዓይነት ይለያያል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚከተሉት ይገኙበታል፦

✅ የሕመም መጠን፦ ከ0 እስከ 10። 0 ማለት ምንም የለም፣ 10 ማለት ሊታሰብ የሚችለው ከባዱ ሕመም። በክትትል ጊዜ ቢያንስ የ2 ነጥብ ለውጥ ሲመጣ ነው «እውነት ተሽሏል» የምንለው።

✅ የመገጣጠሚያ መታጠፍ፦ ጎኒዮሜትር በሚባል፣ እንደ ማዕዘን መለኪያ ባለ መሣሪያ በዲግሪ ይለካል። ደረጃ ለመውጣትና ለመውረድ ጉልበት ወደ 90 ዲግሪ አካባቢ መታጠፍ አለበት። ቁጢጥ ለማለት ግን ከ120 ዲግሪ በላይ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ደረጃውን እንደምንም የሚወጡ እናቶች መሬት መጸዳጃ ላይ መቀመጥ የሚያቅታቸው።

✅ የጡንቻ ጉልበት፦ ከ0 እስከ 5። 0 ማለት ጡንቻው ጭራሽ አይንቀሳቀስም፣ 3 ማለት የራሱን ክብደት ከመሬት ስበት በተቃራኒ ያነሳል፣ 5 ማለት ሙሉ ጉልበት አለው።

✅ ከወንበር መነሳት፦ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ መነሳትና መቀመጥ ይቻላል? ለምሳሌ ከ60 እስከ 64 ዓመት ያለች ሴት ከ12 ጊዜ በታች ከሆነ ከእኩዮቿ አማካይ በታች ነች፤ የመውደቅ ስጋትም አለባት ማለት ነው።

✅ ተነስቶ መሄድ፦ ከወንበር ተነስቶ 3 ሜትር ሄዶ፣ ዞሮ ተመልሶ መቀመጥ። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ የፈጀበት አረጋዊ የመውደቅ አደጋ አለበት።

✅ ነርቭ፦ ስሜት፣ ሪፍሌክስ፣ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳት። ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም ላለበት ሰው ይህ አይዘለልም።

እነዚህ ቁጥሮች «መነሻ» ይባላሉ። መነሻ ከሌለ መሻልን በምን እናውቃለን? «ትንሽ ቀለል ብሎኛል መሰለኝ» ብቻ ይሆናል መልሱ። በገበያ ላይ ሳይመዘን የሚሸጥ ቡና አትገዙም አይደል? ሕክምናም እንደዚያው ነው።

🔹 3. አሁን ወደ ኮዱ እንምጣ

ሐኪሙ ወይም ፊዚዮቴራፒስቱ ያገኘውን ነገር በቃላት ብቻ ቢጽፍ፣ አንዱ «የወገብ ሕመም»፣ ሌላው «ጀርባ»፣ ሦስተኛው «ዲስክ» ይላል። ኮምፒውተሩም፣ መድኑም፣ ሌላ ሀገር ያለ ሐኪምም ግራ ይጋባል። ስለዚህ ዓለም የተስማማባቸው ኮዶች አሉ። ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን ይመልሳሉ፦

👉 አንደኛ፦ በሽታው ምንድን ነው? ይህ አይሲዲ የሚባለው የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ነው። በአሥረኛው እትም ኤም 54.5 ማለት የታችኛው ጀርባ ሕመም ነው። ኤም 17 የጉልበት መገጣጠሚያ መፋቅ ነው። ኤ 18.0 ደግሞ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቲቢ። የሹፌሩን ታሪክ አስታውሱ፤ በኤም 54.5 እና በኤ 18.0 መካከል ያለው ልዩነት የማሸትና የመድኃኒት፣ የመራመድና የሽባነት ልዩነት ነው። አሥራ አንደኛው እትም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1, 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ ሀገራትም በየጊዜያቸው ወደዚያ እየተሻገሩ ነው።

👉 ሁለተኛ፦ ሰውየው ምን ማድረግ አቃተው? ለዚህ አይሲኤፍ የሚባል ሌላ ምደባ አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያጸደቀው። መራመድ፣ ቁጢጥ ማለት፣ መንበርከክ፣ ዕቃ ተሸክሞ መሄድ፣ ሌላው ቀርቶ በሃይማኖታዊ ሕይወት መሳተፍ የየራሳቸው ኮድ አላቸው። ለምሳሌ መራመድ ዲ 450 ነው። ከኮዱ ጎን ከ0 እስከ 4 ቁጥር ይጻፋል፤ 0 ችግር የለም፣ 1 ቀላል፣ 2 መካከለኛ፣ 3 ከባድ፣ 4 ሙሉ በሙሉ አለመቻል።

ይሄኛው ለእኛ ሀገር ሰው በጣም ይጠቅማል ባይ ነኝ። አንዲት እናት «ምን ሆኑ?» ስላቸው «ልደታ ማርያም ሄጄ መስገድ አቃተኝ» አሉኝ። ጉልበቴን አመመኝ አላሉም! ለእሳቸው በሽታው መስገድ አለመቻል ነው። ሌላዋ ዱካ ላይ ተቀምጣ እንጀራ መጋገር፣ ሌላዋ ልጅ ማዘል፣ ሌላው ሶላት መስገድ ነው ያቃተው። ጥሩ የመጀመሪያ ምርመራ ይህንን ግብ አድርጎ ይጽፈዋል።

👉 ሦስተኛ፦ ባለሙያው ምን አገልግሎት ሰጠ? ይህ የአገልግሎት ኮድ ነው፤ ክፍያም የሚሠራው በእሱ ነው። በዚህ በኩል በዝርዝር የሄደችው አሜሪካ ስለሆነች፣ አሠራሩን ከእሷ እንይ። እዚያ ዘመድ ያላችሁም ደረሰኛቸው ላይ የምታዩት ይሄንኑ ነው።

🔹 4. ሦስቱ ደረጃዎች በምሳሌ

እ.ኤ.አ. እስከ 2016 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው የፊዚዮቴራፒ ምርመራ አንድ ኮድ ብቻ ነበረው፤ 97001። እግሩ የተጠለዘ ወጣትም፣ ስትሮክ የመታው አባትም እኩል በዚያ ይጻፉ ነበር። ከጃንዋሪ 1, 2017 ጀምሮ ግን በውስብስብነቱ ለሦስት ተከፈለ፤ ለድጋሚ ምርመራም አዲስ ኮድ ተሰጠው።

▪️ 97161፣ ቀላል፦ የሚያወሳስብ ሌላ ሕመም የለም፣ የሚፈተሹት ነገሮች 1 ወይም 2 ናቸው፣ ሁኔታው የተረጋጋ ነው። ወደ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ምሳሌ፦ እሑድ ጠዋት ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት፣ ሌላ ምንም ሕመም የሌለበት የ24 ዓመት ልጅ።

▪️ 97162፣ መካከለኛ፦ 1 ወይም 2 አወሳሳቢ ነገሮች አሉ፣ 3 ወይም ከዚያ በላይ ነገሮች ይፈተሻሉ፣ ሁኔታው እየተለወጠ ነው። ወደ 30 ደቂቃ። ምሳሌ፦ የጉልበት መፋቅ ያለባቸው፣ ስኳርም ያለባቸው፣ ሕመሙ ከወር ወር እየጨመረ ደረጃ መውረድ የጀመረባቸው የ62 ዓመት እናት።

▪️ 97163፣ ከባድ፦ 3 ወይም ከዚያ በላይ አወሳሳቢ ነገሮች፣ 4 ወይም ከዚያ በላይ የሚፈተሹ ነገሮች፣ ያልተረጋጋና ለመተንበይ የሚያስቸግር ሁኔታ። ወደ 45 ደቂቃ። ምሳሌ፦ ስትሮክ መትቷቸው ግማሽ ጎናቸው የደከመ፣ ደም ግፊት፣ ስኳርና የልብ ሕመም ያለባቸው፣ ሚዛናቸውን የማይጠብቁ፣ ግፊታቸው በየቀኑ ከፍ ዝቅ የሚል አባት።

▪️ 97164፣ ድጋሚ ምርመራ፦ ወደ 20 ደቂቃ።

አንድ ጠቃሚ ሕግ አለ። ደረጃው የሚወሰነው መሥፈርቶቹ ሁሉ ሲሟሉ ነው። ታካሚው አራት በሽታ ቢኖርበትም የአሁኑ ሁኔታው የተረጋጋ ከሆነ «ከባድ» ተብሎ አይጻፍም፤ ዝቅተኛው መሥፈርት ይወስናል። ደቂቃውም መመሪያ እንጂ ወሳኝ አይደለም፤ ብዙ ስለቆየ ብቻ ከፍ ያለ ኮድ አይጻፍም።

የሚገርመው ደግሞ ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን ሦስቱንም ደረጃዎች እኩል ነው የሚከፍላቸው። ከፍሎ ሊለያቸው ቢሞክር ሁሉም ሰው «የኔ ታካሚ ከባድ ነው» እያለ እንዳይጽፍ ተፈርቶ ነበር። «ታዲያ መከፋፈሉ ምን ዋጋ አለው?» ካላችሁ፣ ዋጋው መረጃው ላይ ነው። የትኛው ክሊኒክ ምን ያህል ከባድ ታካሚ እንደሚያይ ይታወቃል፤ ባለሙያውም ምን እንደጠየቀ፣ ምን እንደፈተሸ በጽሑፍ ማሳየት ግዴታው ይሆናል።

🔹 5. ወደ ሀገራችን ስንመለስ

እኛ ጋ ታካሚዎች ከሚያሳዩኝ ደረሰኞች አብዛኞቹ ላይ «ፊዚዮቴራፒ» የሚል አንድ ቃልና ብር ነው ያለው። የመጀመሪያ ምርመራ ይሁን አምስተኛ ቀን ልምምድ አይለይም። ይህ ሦስት ቦታ ላይ ይጎዳችኋል።

⚠️ መድን ላይ፦ በመሥሪያ ቤታችሁ በኩል የግል የጤና መድን ካላችሁ፣ ከፍላችሁ በኋላ ደረሰኝ ስታስገቡ «ለምን ሕመም? በማን ትእዛዝ? ምን አገልግሎት?» መባላችሁ አይቀርም። አንድ ታካሚዬ የስምንት ቀን ክትትል ደረሰኝ አስገብቶ፣ ምርመራውን የሚገልጽ ወረቀት ስላልነበረው ተመልሶበታል። ወረቀቱ ተጽፎ ሲያያዝ ነው የተከፈለው። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ለመድኑ ደውላችሁ ፊዚዮቴራፒ ይሸፈናል ወይ፣ ስንት ቀን፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል ብላችሁ ጠይቁ።

⚠️ የሥራ ላይ ጉዳት ላይ፦ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስበት የሕክምና ወጪው በአሠሪው እንዲሸፈን ያዛል። የአካል ጉዳቱን መጠን የሚወስነው ደግሞ የሐኪሞች ቦርድ ነው። ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ ፋይል ይዘው ከሚቆሙት መካከል ክራንች የያዙ ሰዎች አያለሁ። «እጄ በጣም ይታጠፍ ነበር፣ አሁን አይታጠፍም» ከማለት ይልቅ በቀን የተጻፈ የዲግሪና የጉልበት ልኬት መያዝ ለቦርዱም ለታካሚውም ነገሩን ያቀላል።

⚠️ ተቋም ስትቀይሩ፦ ትልቅ ሆስፒታል ጀምራችሁ ለመመላለስ ስለከበዳችሁ ሰፈራችሁ ያለ ክሊኒክ ስትሄዱ፣ ያለ ወረቀት ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀምራል። ሌላ ምርመራ፣ ሌላ ክፍያ፣ ሌላ የጠፋ ሳምንት።

የባለሙያ ችግር የለም እያልኩ አይደለም፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ፊዚዮቴራፒስቶችን በዲግሪ እያስመረቁ ነው። ባለሙያዎቹ መመርመር ያውቃሉ። በር ላይ የተደረደረው ሰልፍ ግን ብዙ ጊዜ ጊዜ አይሰጣቸውም። ታካሚው ራሱ «ምርመራዬን ጻፉልኝ» ብሎ መጠየቅ ሲጀምር ነገሩ ይለወጣል።

🔹 6. ስትሄዱ ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ?

1️⃣ የሪፈር ወረቀት፣ ኤክስሬይ ወይም ኤምአርአይ ካለ ከነውጤቱ።
2️⃣ የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች፤ ስማቸውን ካላወቃችሁ ማሸጊያውን ወይም በስልካችሁ ፎቶውን።
3️⃣ ጉልበት ከሆነ ወደ ላይ የሚጠቀለል ሰፊ ሱሪ ወይም ቁምጣ፤ ትከሻ ከሆነ በቀላሉ የሚወልቅ ልብስ። በተቃራኒ ጾታ መመርመር የማይመቻችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩ፤ መብታችሁ ነው።
4️⃣ አቅመ ደካማ ወላጅ ይዛችሁ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ ውሎአቸውን የሚያውቅ ሰው አብሮ ይግባ።
5️⃣ አንድ ግብ፦ «ያለ ድጋፍ ሦስተኛ ፎቅ መውጣት እፈልጋለሁ» ዓይነት።

🔹 7. ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ

❓ ችግሬ ምን ሆኖ አገኙት?
❓ መነሻ ልኬቶቼ ስንት ናቸው?
❓ ግባችን ምንድን ነው? በስንት ሳምንት?
❓ በሳምንት ስንት ቀን ልምጣ? ቤት ውስጥስ ምን ልሥራ?
❓ ድጋሚ የምንለካው መቼ ነው?

አምስቱን ከመለሱላችሁና በወረቀት ከሰጧችሁ፣ ባይነኳችሁም ገንዘባችሁ ሥራ ላይ ውሏል። በተቃራኒው ምንም ሳይጠይቁና ሳይለኩ አስተኝተው ማሽን ሰክተው ከሄዱ፣ ደስ ቢላችሁም ጥያቄ አንሱ። ሳምንታት አልፈው ቁጥሩ ካልተነቃነቀም ዕቅዱ ይቀየር ወይም ወደ ሐኪም ልመለስ በሉ። ድጋሚ ምርመራ የተፈጠረው ለዚሁ ነው።

🚨 ወደ ፊዚዮቴራፒ ሳይሆን በፍጥነት ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች

🔴 ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት መያዝ ወይም መሽናት ማቃት፣ ሰገራ ማምለጥ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝ
🔴 እግር በድንገት መድከም ወይም ድካሙ እየባሰ መሄድ
🔴 ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ከጀርባ ሕመም ጋር
🔴 ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ የጀመረ ከባድ ሕመም
🔴 ከዚህ በፊት ካንሰር ታክሞ ለሚያውቅ ሰው አዲስ የአጥንት ሕመም
🔴 ባት አብጦ፣ ሞቆ፣ ሲነካ ማመም፤ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል እንዳትታሹ!
🔴 ፊት መጣመም፣ እጅ መዛል፣ ንግግር መተሳሰር፤ ስትሮክ ስለሆነ ደቂቃም አትጠብቁ

ውድ ቤተሰቦች፣ ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ እንጂ የግል ምርመራን አይተካም። ፊዚዮቴራፒ ጀምራችሁ ያቋረጣችሁ ካላችሁ፣ የተሰጣችሁን ወረቀት ፈልጉና መነሻ ልኬት እንዳለው እዩ፤ ከሌለው በሚቀጥለው ቀጠሮ «ለኩኝ፣ ጻፉልኝ» በሉ። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፣ በየተራ እመልሳለሁ። የግል የምርመራ ውጤታችሁንና ስማችሁን ግን ኮሜንት ላይ አትለጥፉ።

ወገቡን ወይም ጉልበቱን ለሚያመው ወዳጅ ዘመድ ሁሉ ሼር አድርጉ። መልካም ጤና! 🙏